ቋሚነት፣ መሰላል ወይስ ቅድሚያ? የኮንትራት የኮሌጅ ሠራተኞች ማኅበር የቱን ይጠይቅ

ኮሌጅ ውስጥ ኮንትራት ሠራተኛን የሚያባርር የለም። አይደወልለትም፣ አለቀ።

ይህን ያወቅኩት ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ በሰዓት እየተከፈለኝ ስድስት ሴሚስተር ካስተማርኩ በኋላ ነው። ሰባተኛው ሊጀመር ሲል እንደ ልማዴ ስልክ ስጠብቅ አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ለዲኑ ደወልኩ፣ አያነሳም። አንድ ቀን ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። «ቲቸር፣ ያንተን ኮርስ እኮ ሌላ ሰው ይዞታል» አለኝ። የስንብት ደብዳቤዬ ይቺ ነበረች። የባጃጁን ሂሳብ የሁለታችንንም የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ አስተማሪ አይደለሁ!

ሰሞኑን ድሬም ሐረርም ከማገኛቸው የኮንትራት ሰዎች ጋር ወሬያችን ሁሉ ማኅበር ሆኗል። መምህሩ፣ የላብ ረዳቱ፣ ጽዳቱ፣ ጥበቃው። ማኅበር ይቋቋም፣ እሺ፣ ግን ምን ብለን እንጠይቅ? ሁሉም አፉ ላይ ያለው «ቋሚ ያድርጉን» ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። ብቸኛው ግን አይደለም፤ ለሁሉም ሰው የሚበጀውም እሱ አይደለም። የውጭ አገር የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ማኅበራት ይሄን ክርክር ከእኛ ቀድመው ተከራክረውታል። አንዳንዱን አሸንፈዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ አሸነፍን ብለው ወረቀት ብቻ ታቅፈው ቀርተዋል። እነሱን እያየን አማራጮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ሚዛኔን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለእኔ አንድ ጥያቄ ጥሩ የሚሆነው አሠሪው ዝም ያለ እንደሆነ ዝምታው ዋጋ የሚያስከፍለው ከሆነ ነው።

በነገራችን ላይ ማኅበር ለድሬ አዲስ ነገር አይደለም። የፍራንኮ ኢትዮጵያ ባቡር ሠራተኞች በ1930ዎቹ መጨረሻ ተደራጅተው ነበር፤ አገሪቱ የሠራተኛ ማኅበር የሚባል ነገር በሕግ ከማወቋ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ማለት ነው። ያኔ ኮሌጅ የለም፣ ኤክስቴንሽን የለም፣ ባቡሩ ግን ነበር።

ለመሆኑ አሠሪያችሁ ማነው?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል፣ አይደለም። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓይነት ኮንትራት ሠራተኛ አለ። በአንድ በር ገብተው በአንድ በር ይወጣሉ። ሕጉ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው።

የግል ኮሌጅ ውስጥ ከሆናችሁ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ማኅበር ማቋቋም መብታችሁ ነው። ድርጅቱ 10 ሠራተኛ ካለው፣ የማኅበሩ አባላትም ከ10 ካላነሱ ይበቃል። አዋጁ የሚደራጀው ቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው አይልም፤ ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረም በሕጉ ዓይን ሠራተኛ ነው። የማኅበር አባል መሆን ሰውን ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆንም አንቀጽ 26 ላይ ተጽፏል። ማኅበሩ ተመዝግቦ ሲቆም ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ሠራተኛውን ሁሉ የሚይዝ የጋራ ውል፣ ይደራደራል። ከታች የማወዳድራቸው ጥያቄዎች የሚጻፉት እዚያ ላይ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ሐረማያ፣ ነገሩ ይለወጣል። አስተዳደር ሠራተኛው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው የሚተዳደረው። መምህሩ ደግሞ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና በዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሌጅስሌሽን፣ ማለትም በውስጥ ደንቡ። አዋጅ 1156 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ስለዚህ የኅብረት ስምምነቱ መንገድ እንደ ግሉ ክፍት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ላሉ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይሰጣል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስለ መደራጀትና ስለ የጋራ ድርድር የሚናገሩ ስምምነቶች፣ 87ኛውንና 98ኛውን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ተቀብላለች። የድርጅቱ ኮሚቴዎችም መምህሩን ጨምሮ የመንግሥት ሠራተኛው መብት በሕግ እንዲረጋገጥ ለብዙ ዓመታት ሲወተውቱ ኖረዋል። የመምህራን ማኅበር አለ፣ ይጠይቃል፣ ይሟገታል። የኅብረት ስምምነት ፈርሞ ማስፈጸም ግን ሌላ ነገር ነው። እናንተ ጋ ያለው መሣሪያ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዚያ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ስታነቡ «ይሄን በሴኔት ሌጅስሌሽኑ ውስጥ እንዴት እናስገባው» ብላችሁ አንብቡ።

ሦስተኛዎቹ በኤጀንሲ የገቡት ናቸው። በአብዛኛው ጥበቃና ጽዳት። ሥራቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፣ ዩኒፎርማቸው ላይ ያለው ስም ግን የኤጀንሲው ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እናት «እኛ የመንግሥት ግቢ ነን፣ ማኅበር አይፈቀድልንም» ስትለኝ ነበር። እማማ፣ ግቢው ነው የመንግሥት፤ እርስዎን የቀጠረዎት የግል ድርጅት ነው፣ አልኳት። ግቢው የማንም ይሁን አሠሪው ኤጀንሲው ከሆነ አዋጅ 1156 ይሠራል። እንዲያውም እነሱ ከሁላችንም ይሻላሉ፤ ያው ኤጀንሲ ባንክም ሆስፒታልም ካሰማራቸው ጋር አብረው መደራጀት ይችላሉ።

ቋሚ ያድርጉን

ይሄ ጥያቄ በአገራችን ሕግ ጥሩ መሠረት አለው፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። የአዋጅ 1156 አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው። የታመመ ወይም ፈቃድ የወጣ ሰው ለመተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ጫና ሲመጣ፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወቅታዊ ሥራ ሲሆን፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ከጥቅምት እስከ የካቲት» መባሉ ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። ሥራው ራሱ ምን ዓይነት ነው? የአካውንቲንግ መግቢያ ኮርስ በየዓመቱ ይሰጣል። አካውንቲንግ ዲፓርትመንት እስካለ ድረስ ይሰጣል። ያ እንዴት ጊዜያዊ ሥራ ይሆናል?

አሠሪው «ሴሚስተር ማለት ወቅት ነው» ብሎ ይከራከራል። ሌላም ክርክር አለው፣ እሱን በንቀት ማለፍ ሞኝነት ነው። ተማሪ የለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ መጀመሪያ 3.3 በመቶ፣ ቀጥሎ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጣ። ከዚያ የግል ኮሌጆች እንደገና ተመዝገቡ ተባሉ። ዘንድሮ ሁለት ሴክሽን ሞልቶ የነበረ ዲፓርትመንት ለከርሞ ይከፈት አይከፈት ዲኑም አያውቀውም። «ሁላችሁንም ቋሚ አድርጌ ተማሪ ባይመጣስ?» ሲል ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም።

ቋሚ መሆን የሚሰጠውን ግን እወቁ። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰው ሲሰናበት በሕግ የታወቀ ምክንያት ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያ አለው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው አንድ ወር፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ በላይ ሦስት ወር። ያለ አግባብ ከተባረረና ወደ ሥራ ካልተመለሰ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ አለው። የኮንትራት ውል ደግሞ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ባጃጅ ውስጥ ነው የምትሰሙት።

ውጭ አገር እንዴት ሆነ? አውስትራሊያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ማኅበር ለዓመታት የተሟገተበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሕጉ አሠሪው ከ12 ወር በኋላ ቋሚነት እንዲያቀርብ አስገደደ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ምን አደረጉ? ሥራችሁ መደበኛ ፕሮግራም የለውም እያሉ ለጥቂቶች ብቻ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ ደግሞ ተገላብጦ ሠራተኛው ራሱ ከስድስት ወር በኋላ ቋሚ ልሁን ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላል፤ አሠሪው በ21 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፣ እምቢ ካለም ምክንያቱን ይጽፋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ደንብ በተከታታይ ኮንትራት አራት ዓመት የሠራ ሰው፣ አሠሪው በቂ ምክንያት ካላቀረበ በስተቀር፣ ቋሚ ይሆናል። «በተከታታይ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሉን ማቋረጥ የለመደ አሠሪ እዚያ ላይ ነው የሚሽሎከለከው።

እኔ ቋሚነትን ለማን እመክራለሁ? ሥራው ከተማሪ ቁጥር ጋር ብዙም ለማይወጣና ለማይወርድ ሰው። ላብ ረዳት፣ ላይብረሪ፣ ሬጅስትራር፣ የአይቲ ሰው፣ ጽዳት፣ ጥበቃ። አንድ ሴክሽን ቀነሰ ተብሎ ግቢው አይጠረግም አይባልም። ለእነዚህ ከቋሚነት ያነሰ ጥያቄ ይዞ መቅረብ ራስን ማርከስ ነው።

መሰላሉ

ይሄኛውን የወሰድኩት ከካሊፎርኒያ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ያልሆኑ መምህራን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ሥራ ሊያቆሙ ጥቂት ሰዓት ሲቀራቸው ስምምነት ላይ ደረሱ። ዋናው ነገር ኮንትራቱ እየረዘመ መሄዱ ነው። መጀመሪያ አንድ ዓመት፣ ቀጥሎ ሁለት ዓመት፣ ቀጥሎ ሦስት ዓመት። ከስድስት ዓመት በኋላ በግምገማ ማብቂያ ቀን ወደሌለው ቀጣይ ቅጥር ይገባል።

ለእኛ የሚመቸው ነገር ምንድነው? አሠሪው አይደነግጥም። «ዛሬ ቋሚ አድርገኝ» አላልነውም። መምህሩም ቢያንስ ለዓመት ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ቤት የሚከራይ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ አከራይ «ሥራህ ምንድነው» ሲል «እስከ የካቲት መምህር ነኝ» አይባልም።

ችግሩ መሰላሉ መሃል ላይ ነው። የሁለት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ሦስቱ ላለማውጣት ሰውን መተው ይቻላል። አዲስ ሰው በአንድ ዓመት መቅጠር ይረክሳል። ስለዚህ መሰላል ብቻውን አይበቃም፤ ላይ ለመውጣት የሚደረገው ግምገማ በምን እንደሚለካ ካልተጻፈ የዲኑ ፊት ማየት ብቻ ነው የሚተርፈው። ተማሪ በሚሞላው የግምገማ ወረቀት ብቻ ይለካ ከተባለ ደግሞ ማኅበሩ ባይፈርም ይሻላል። ግሬድ የሚሰጥ ሰው በግሬድ ተቀባይ ብቻ ሲመዘን ምን እንደሚሆን ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ቅድሚያ

የእኔ ምርጫ ይቺ ናት፣ በተለይ በግል ኮሌጅ በሰዓት ለሚያስተምሩ። ድምፅዋ ትንሽ ነው። «ቅድሚያ የመቀጠር መብት»። ሰልፍ ወጥቶ የሚጮህባት የለም። ሥራዋን ግን ተመልከቱ።

ሐሳቡ ይሄ ነው። ኮርሱ በሚቀጥለው ሴሚስተር ካለ መጀመሪያ ለያዘው ሰው ይቀርባል። ኮርሱ ከሌለ የለም፤ አሠሪው ተማሪ ባልመጣበት ዓመት ደመወዝ ክፈል አይባልም። «ተማሪ የለም» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ተማሪ ካለ ነዋ የምንጠይቀው። ኮርሱ እያለ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ከፈለገ ግን ምክንያቱን ጽፎ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ ይከፍላል። እኔ አንድ ወረቀት ላይ የሞነጫጨርኩት እንዲህ ይላል፦

«ኮንትራት ሠራተኛው አንድን ኮርስ ወይም ሥራ ሁለት ሴሚስተርና ከዚያ በላይ ከሠራ፣ ሥራው በቀጣዩ ሴሚስተር እስካለ ድረስ በቅድሚያ ለእሱ ይቀርባል። አሠሪው ይህን የማያደርግ ከሆነ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ 30 ቀን አስቀድሞ ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቃል። ካላሳወቀ የአንድ ወር ክፍያ ይከፍላል።»

ሁለት ሴሚስተሯን ሦስት ልታደርጓት ትችላላችሁ። 30 ቀኗንም ወደ 20 ማውረድ ይቻላል፣ ለመደራደሪያ ትሁን። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አትሽጧት። እሷ ከወጣች የቀረው ምኞት ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሁለት ሰው አንድ ኮርስ ቢይዝና ሴክሽኑ አንድ ቢሆን ማን ይቅደም? ብዙ ጊዜ ያስተማረው ይበሉ። ዕውቀት ይለካ ከተባለ መልሳችን ዲኑ እጅ ውስጥ ነን። አውቃለሁ፣ ጎበዝ አዲስ መምህር ሊጎዳ ይችላል። እኔም አንድ ቀን አዲስ ነበርኩ። ቢሆንም ቀን የተቆጠረበት ሚዛን ከፊት ከሚታይበት ይሻላል።

ጉድለቷስ? ለጥበቃና ለጽዳት ብዙ አትጠቅምም፣ እነሱ ሥራቸው ሁሌም አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ ቅጥር በማስታወቂያና በውድድር ስለሚሄድ እንዲህ በቀላሉ አትገባም።

ሰዓቱ ይቆጠር

አንዳንዱ ሰው የሥራ ዋስትና ሳይሆን ብር ነው የሚፈልገው፣ ይሄንን በግልጽ እንነጋገር። ድሬና ሐረር ካሉ የሰዓት መምህራን ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሠራተኞች ናቸው። ቅዳሜ ድሬ ያስተምራል፣ እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ይዞ በደንገጎ ሽቅብ ሐረር ይወጣል። ጡረታው፣ ሕክምናው፣ ፈቃዱ ሌላ ቦታ አለ። ለእሱ ቋሚነት ምኑም አይደለም፤ የሚፈልገው የክሬዲት ሰዓቱ ዋጋ ከፍ እንዲል ነው። በዚያው ስታፍ ሩም ግን ከዚያች የሰዓት ክፍያ ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ተቀምጧል። ሁለቱን አንድ ማኅበር ውስጥ አስገብታችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ካወጣችሁ ግማሹ ስብሰባ መምጣት ያቆማል። ሁለቱንም የሚያስታርቀው ጥያቄ ሰዓት ነው።

አንድ ማታ ልንገራችሁ። ግንቦት ነው፣ ፋይናል። ሁለት ፌስታል ሙሉ የፈተና ወረቀት ይዤ ቤት ገባሁ። መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ። የድሬን የግንቦት ሌሊት የሚያውቅ ያውቃል። ሸሚዜን አውልቄ፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ስልኬን የሻይ ብርጭቆ ላይ አስደግፌ በባትሪው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አረምኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ሂሳብ ክፍል ሄጄ ማረሚያ ይከፈላል ወይ ስል ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «እሱ ከክሬዲት ሰዓቱ ጋር ነው» አለችኝ። ከየትኛው ሰዓት ጋር? አቦ፣ ክፍል ውስጥ የቆምኩበት ሰዓት እኮ ነው የተቆጠረው።

ይሄ የእኛ ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ለማረም የሚከፍለው በሠሩት ሰዓት ሳይሆን በተማሪ ወይም በቃል ብዛት በወጣ ተመን ነበር። ነገሩ ሲመረመር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከ25,000 በላይ ለሆኑ የቀድሞና የአሁን ሠራተኞች 72 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ለመመለስ ተስማማ። ማኅበሩ ለዓመታት ጮኾበታል፣ መንግሥታዊ ተቆጣጣሪውም ገብቶበታል።

ስለዚህ ማረም፣ ፈተና ማውጣት፣ ግሬድ ማስገባት፣ ስብሰባ፣ የመውጫ ፈተና ማጠናከሪያ በሰዓት ይቆጠር። ጥያቄው ሁሉንም ያስማማል፣ ለማሸነፍም አይከብድም። ግን የሥራ ዋስትና አይደለም። ለሠራችሁት ሰዓት በደንብ ተከፍሏችሁ በሚቀጥለው ሴሚስተር ላይደወልላችሁ ይችላል። ማኅበሩ ይሄን ብቻ ይዞ ከወጣ፣ እኔ ብሆን ያሸነፈው አሠሪው ነው እላለሁ።

የኤጀንሲዎቹ ነገር

ጥበቃና ጽዳት ላይ የደቡብ አፍሪካን ታሪክ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ ይቀነስ ብለው ሲነሱ ከጽዳትና ከጥበቃ ሠራተኞች ጋር አብረው ቆሙ። ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በኤጀንሲ የነበሩትን ራሱ ሊቀጥር ተስማማ፣ ጆሃንስበርግ ያለው ዊትስ ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ተከተሉ። ተማሪ ባይኖር ኖሮ ይሄ ይሆን ነበር ብዬ አላስብም።

እዚህ ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይቅጠረን የሚለው ጥያቄ የመንግሥት በጀትና መዋቅር ስለሚነካ ሩቅ ነው። ቅርብ ያለው ሌላ ነው። ኤጀንሲው ጨረታ ተሸንፎ ሌላ ኤጀንሲ ሲገባ ያሉት ሠራተኞች ከነአገልግሎት ዘመናቸው ይቀጥሉ የሚለው። ጨረታ በተቀየረ ቁጥር የአሥር ዓመት ሠራተኛ እንደገና አዲስ ይሆናል፤ የሙከራ ጊዜ ይባላል፣ የዓመት ፈቃዱም ከሥር ይጀምራል። ዩኒቨርሲቲው የጨረታ ሰነዱ ላይ አንዲት መስመር ቢጨምር ብዙ ነገር ይቀላል። ማኅበሩ እዚህ ላይ ማግባባት ያለበት ኤጀንሲውን ብቻ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲውን ግዥ ክፍል ነው።

ብቻዬን ብከስስ?

ይቻላል። አንዳንዴም ይሻላል። የሥራ ክርክር ችሎት ላይ የዳኝነት አይከፈልም። ውሌ በአንቀጽ 9 መሠረት ላልተወሰነ ጊዜ ነው፣ የተሰናበትኩት ያለ አግባብ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጊዜው ይሮጣል፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የኮንትራት ሰው ደግሞ መቼ እንደተሰናበተ እንኳን አያውቅም። ሊደውሉልኝ ይችላሉ እያለ ሁለት ወሩን ይበላዋል። እኔ በልቼዋለሁ።

ክስ ደግሞ ለአንድ ሰው ነው። ብታሸንፉ እናንተ ትመለሳላችሁ፣ አጠገባችሁ ያለው በዚያው ኮንትራት ይቀጥላል። የኅብረት ስምምነት ሁሉንም ይይዛል። የሚያስፈራው ነገር መጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች መሆን ነው፤ በተለይ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል። ለዚህ ነው እኔ ማኅበር ሴሚስተር ሲጀመር ይመሥረት የምለው። ውል ተፈርሟል፣ ፕሮግራም ወጥቷል፣ ተማሪ ክፍል ገብቷል፤ ያኔ መምህር መቀየር ለነሱም ራስ ምታት ነው። መስራቾቹ ውስጥ ሁለት ሦስት ቋሚ ሠራተኛ ይኑርበት፣ የኮንትራቱ ሰው ብቻውን አይጋለጥ። ከዚያ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሰዎችን አማክሩ፤ መተዳደሪያ ደንብ ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፣ ናሙና አለ።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። የግል ኮሌጅ የሰዓት መምህር ከሆንኩ ቅድሚያን ከፊት፣ ሰዓቱ ይቆጠርን ከኋላ አስከትላለሁ። የቢሮና የላብ ሠራተኛ ከሆንኩ ከቋሚነት አልወርድም። ኤጀንሲ ከሆንኩ ጨረታ ሲቀየር ሥራዬ አብሮኝ ይሂድ እላለሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኮንትራት መምህር ከሆንኩ መሰላሉን ይዤ በመምህራን ማኅበር በኩል ሴኔት ድረስ እገፋለሁ፣ ዓመታት እንደሚፈጅ እያወቅኩ።

የትኛውንም ብትመርጡ ወረቀት ያዙ። ውላችሁን፣ የባንክ ስቴትመንታችሁን፣ የተመደባችሁበትን ፕሮግራም። ጡረታ ከተቆረጠባችሁ፣ ከእናንተ 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ እሱ ከሁሉም ይበልጣል፤ «ይሄ ሰው ሠራተኛዬ አይደለም፣ አገልግሎት ሰጪ ነው» እያለ ጡረታ የሚከፍል ማንም የለም። ውሉን ስትፈርሙ ኮፒ ካልሰጧችሁ እዚያው ጠረጴዛው ላይ በስልክ ፎቶ አንሱት። እኔ ስድስቱንም አንስቻቸው ነበር። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳያቸው አምስቱ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ስድስተኛው ላይ ማኅተም አለ፣ ቀኑ ግን አልተሞላም።